አፍ ሲከፈት
ስለ ጊታር «ዋ-ዋ» ድምፅና ስለ መሣሪያ ሠሪነታችን

ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን ሒስ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚመረመረው ዜማው፣ ግጥሙና ድምፃዊው ነው። መሣሪያውን የሚመለከት አስተያየት እምብዛም አይገኝም፤ መሣሪያውን የሠራውን እጅ የሚያስታውስ ደግሞ ጨርሶ የለም ለማለት ያስደፍራል። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚህ ጉድለት ነው። የሚመለከተውም ነገር ትንሽ ነው፤ ጊታር ተጫዋች በእግሩ የሚረግጣት፣ ከጫማ ብዙም የማትበልጥ አንዲት የብረት ሣጥን። ይሁን እንጂ በዚች ሣጥን ውስጥ ስለ ኪነታችን አንድ ትልቅ ጥያቄ ተቀምጧል ብለን እናምናለን።

በቅርቡ አንድ ምሽት በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ከሚገኙት የሙዚቃ ቤቶች በአንዱ ተገኝተን ነበር። አንድ ወጣት ጊታር ተጫዋች ያለ አጃቢ ትዝታን ጀመረ። አጀማመሩ ልብ የሚነካ ነበር፤ ጣቶቹ አይቸኩሉም፤ በአንዱ ድምፅና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ዝምታ ያውቁታል። ከበሮውና ቤዝ ጊታሩ ሲገቡ ግን እግሩን ከፊቱ ወደ ነበረው ፔዳል ሰደደና ጊታሩ «ዋ፣ ዋ» ማለት ጀመረ። በዚያች ቅጽበት ትዝታው ከአዳራሹ ወጣ። በምትኩ የገባው ከአሜሪካ የወንጀል ፊልሞች ጋር የለመድነው፣ ሺህ ጊዜ የሰማነው ድምፅ ነው። የወጣቱ ጣት ወሎ ነበር፤ እግሩ ግን ሌላ አገር ረገጠ።

ከዝግጅቱ በኋላ ወጣቱን አነጋገርነው። ትሑትና ሙያውን የሚያከብር ልጅ ነው። ፔዳሉ ከባሕር ማዶ እንደ ተላከለትና ለብዙ ዓመታት እንደ ተጠቀመበት ነገረን። ውስጡን ከፍቶ አይቶት ያውቅ እንደ ሆነ ስንጠይቀው ግን በመገረም ተመለከተን። ለምን ይከፍተዋል? ፔዳሉ አልተበላሸም! ይህ መልስ የእሱ ብቻ አይደለም፤ የዘመናችን መልስ ነው። ክራር መቺ የክራሩን ቆዳ ይወጥራል፣ ክሩን ይለውጣል፣ ድምፁ ካልጣመው መወጠሪያውን እንደ ገና ይጠመዝዛል። መሣሪያ ሲበላሽ ብቻ የሚከፈት ዕቃ የሆነው ለመሆኑ ከመቼ ወዲህ ነው?

የድምፁ ትውልድ

የዚህ ድምፅ ታሪክ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ በቶማስ ኦርጋን ኩባንያ ይሠራ የነበረ ብራድ ፕለንኬት የተባለ ወጣት መሐንዲስ አንድ የወጪ ቅነሳ ሥራ ይዞ ነበር። ሥራው የድምፅ ማጉያ መካከለኛ ድምፆችን የሚያጐላውን ውድ መቀየሪያ በርካሽ ተዘዋዋሪ መቆጣጠሪያ መተካት ነበር። መቆጣጠሪያው ሲዞር ጊታሩ አፍ እንዳለው ፍጡር ጮኸ። ይህንኑ ሥራ በኦርጋን የእግር ፔዳል ውስጥ ገጠሙትና በ1967 ለገበያ አቀረቡት፤ ስሙንም የመለከቱን አፍ በመክደኛ እየከፈተና እየዘጋ በማስለቀስ ይታወቅ ከነበረው ከክላይድ ማኮይ ወሰዱለት። እንግዲህ ይህ ዛሬ የኪነት ምልክት የሆነው ድምፅ የቁጠባ ልጅ ነው፤ ማንም ሰው ለትዝታም ሆነ ለብሉዝ ብሎ አልቀመመውም። በ1968 ጂሚ ሄንድሪክስ ለቅሶና ቁጣ አደረገው፤ በ1971 ደግሞ የ«ሻፍት» ፊልም ማጀቢያ የከተማ ጐዳና እርምጃ አደረገው። ከዚያ በኋላ የመጣው ብዙው ነገር የእነዚህ ሁለቱ ቅጂ ነው።

የአሠራሩ ምሥጢርም ቢሆን ከባድ አይደለም። አንድ የጊታር ክር ሲመታ የሚወጣው አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ከመሠረቱ በላይ ብዙ ቅርንጫፍ ድምፆች አብረውት ይወጣሉ። ማጣሪያው በዚህ ላይ አዲስ ድምፅ አይጨምርም፤ ከቅርንጫፎቹ መካከል አንዱን ሠፈር መርጦ ያጐላል፣ የቀረውን ዝቅ ያደርጋል። እግር ወደ ፊት ሲጫን የሚጐላው ሠፈር በሴኮንድ ከ400 ንዝረት ገደማ ተነሥቶ እስከ 2200 ይወጣል፤ ተረከዝ ሲመለስ ይወርዳል። የሰውም አፍ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ድምፅ የሚመነጨው ከጉሮሮ ነው፤ «ኡ» ወይም «ኣ» ወይም «ኢ» የሚያሰኘው ግን የአፍና የከንፈር አከፋፈት ነው።

ፈረንጆቹ ይህን ድምፅ ለመሰየም ፊደል መደርደር አስፈልጓቸዋል። ለእኛ አንዲት ፊደል ትበቃናለች፤ ዋ። ከዚህም ባሻገር የፊደል ገበታችን ራሱ የዚህ ማጣሪያ ሥዕል ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ከየኔታ ፊት ተቀምጦ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» የሚለው ሕፃን የሚያደርገው ምንድን ነው? ተነባቢውን ሳይለቅ አፉን ብቻ ይለዋውጣል፤ አንዱን ድምፅ በሰባት ደጆች ያሳልፋል። የጊታሩ ፔዳል ከካዕብ ተነሥቶ በሳብዕ በኩል ወደ ራብዕ የሚጓዝ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስም ወደ ኃምስና ወደ ሣልስ የሚያዘነብል ፊደል ቆጣሪ ነው።

ታዲያ በአማርኛችን እጅግ የሚዘወተሩት ግዕዝና ሳድስ ናቸው። አፍ ብዙ ሳይከፈት፣ ብዙም ሳይዘጋ፣ በመካከል የሚወለዱ ድምፆች ናቸው። ትዝታን የሚያዜም ሰው የሐረጉን መጨረሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳርፈው በዚህ መካከለኛ ሠፈር ነው፤ አፉን በሰፊው የሚከፍተው ሲብስበት ብቻ ነው። ለሮክ በተሠራው ፔዳል ይህ መካከለኛ ቦታ መሸጋገሪያ እንጂ ማረፊያ አይደለም፤ እግር በፍጥነት ያልፈዋል። በዚያ ምሽት በቦሌ የሰማነው ጉድለት ከዚህ የመነጨ ነው ብለን እንገምታለን። ወጣቱ በአማርኛ እያሰበ በሌላ አፍ ይናገር ነበር።

ሸክላዎቹ ምን ይመሰክራሉ?

ይህ ማለት ፔዳሉ በሙዚቃችን ውስጥ ሥራ የለውም ማለት አይደለም። እንዲያውም እጅግ ያማረ ሥራ ሠርቷል። ሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተባለውን አልበሙን እ.ኤ.አ. በ1972 በኒው ዮርክ አሳተመ። በ1974 ደግሞ አምኃ ሪከርድስ «ኢትዮ ጃዝ» የተባለውን አወጣለት። ከ1969 እስከ 1974 የተቀረጹት ሥራዎቹ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በ«ኢትዮፒክስ» አራተኛ ዲስክ በ1998 ተሰብስበው ወጡ፤ በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ሲጠቀምባቸው ዓለም ሁሉ ሰማቸው።

በእነዚህ ቅጂዎች ውስጥ የዋ-ዋ ጊታር ከቪብራፎንና ከሳክስፎን ጐን ለጐን ይሰማል። እነሱን በጥሞና ለሚያዳምጥ ሰው አንድ ነገር ግልጽ ይሆንለታል። ምርጥ በሆኑት ቦታዎች ጊታሩ ዜማውን ለመቀማት አይጋፋም፤ ከሳክስፎኑ በስተኋላ ሆኖ እንደ ተቀባይ ያጉረመርማል፤ አፉን ከፈት አድርጐ ሐሳቡን ሳይጨርስ ይተወዋል። አምስት ድምፅ ብቻ ባለው ቅኝታችን ውስጥ ዝም የሚባልበት ስፍራ ሰፊ ነው፤ ማጣሪያው ያን ስፍራ በጥላ ይሞላዋል እንጂ በጩኸት አያጣብበውም። ሙላቱ ባዕድ መሣሪያ ሁሉ በቅኝቱ ሕግ እንዲገዛ ማድረጉ ታላቅነቱ ነው፤ ፔዳሉም ከዚህ ሕግ አላመለጠም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የተለየ ነው። ከ1974 ለውጥ በኋላ ሰዓት እላፊ የከተማውን ሌሊት ዘጋው፤ ባንዶቹ በየሆቴሉ ተወሰኑ፤ ሸክላው ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። መሣሪያ ማስመጣት አስቸጋሪ ስለ ነበር ማጉያውም፣ ክሩም፣ ፔዳሉም በባሌም ሆነ በቦሌ እንደ ምንም ነበር የሚገባው። ወደ ውጭ የሚጓዝ ባንድ ወይም ዘመድ ያለው ሙዚቀኛ በሻንጣው የሚያመጣው ዕቃ እንደ ዐይን ብሌን ይጠበቅ ነበር። እንዲህ የተገኘን ዕቃ ከፍቶ መነካካት ድፍረት እንደሚመስል እንረዳለን። ነገር ግን ከችግር የተወለደው ይህ ጥንቃቄ ችግሩ ካለፈም በኋላ ልማድ ሆኖ ቀረ። ዕቃው በዛ፤ ሣጥኑ ግን አሁንም አልተከፈተም። ዛሬ በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ በሚሰሙት ባንዶች ዘንድ ፔዳሉ ብዙውን ጊዜ የከበሮ ሎሌ ሆኗል፤ በእያንዳንዱ ምት ላይ «ዋካ ዋካ» እያለ ሰዓት ይቆጥራል። የሚናገር አፍ የነበረው የሚያኝክ አፍ ሆነ።

በገናው ያስተማረን

አንዳንድ ሰዎች የድምፅ መለወጫ የሚባለው ነገር ሁሉ ከኤሌክትሪክ ጋር የመጣ ባዕድ ጌጥ ይመስላቸዋል። በገናን ቀርቦ ያየ ግን እንዲህ አይልም። ዐሥሩ የበገና አውታሮች በድልድዩ ላይ ሲያርፉ ከእያንዳንዳቸው ሥር እንዝራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። አውታሩ ሲነዘር እንዝራዋን እየነካ ይመለሳል፤ ከዚህም የተነሣ ከመሠረቱ ድምፅ በላይ ያሉት ቅርንጫፎች ይነቃሉ፤ ያ ሁላችንም የምናውቀው፣ ከምድር ውስጥ የሚመጣ የሚመስለው ንዝረት ይወለዳል። ደርዳሪው እንዝራዋን በትንሹ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ እየገፋ ድምፁ እስኪጥመው ድረስ ያስተካክላታል። ይህች ቁራጭ ቆዳ የድምፅ መለወጫ ካልሆነች ሌላ ምን ትባላለች? ባትሪ ስለሌላት ብቻ ይህን ስም ልንነፍጋት አይገባም።

ማጣሪያም ቢሆን ለእኛ አዲስ አይደለም። የክራር ገበቴ፣ የማሲንቆ አራት ማዕዘን ሣጥን፣ በላያቸው የተወጠረው ቆዳ፣ ሁሉም ማጣሪያዎች ናቸው፤ ከክሩ ንዝረት አንዱን ይወዳሉ፣ ሌላውን ይጠላሉ። ማሲንቆ የሰው ድምፅ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ወጥ እንጨት አካል ያለው የኤሌክትሪክ ጊታር ግን እንዲህ ያለ ሆድ የለውም። ሆዱና አፉ ከአካሉ ወጥተው በማጉያውና በእግር ሥር ባለችው ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ሣጥኒቱን የሠራ ሰው መለዋወጫ አልሠራም፤ የመሣሪያውን ግማሽ አካል ሠራ። የክራርን ገበቴ የሚጠርብ፣ የበገናን ቆዳ የሚፍቅ ሕዝብ የጊታሩን ሆድ ግን ሳያየው ለሌላ ሰጠው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ክርክር ይህ ነው።

መንገዱ ጨርሶ አልተጀመረም አንልም። ሙላቱ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በራድክሊፍ ተቋም በነበረ ጊዜ ካተኰረባቸው ሥራዎች አንዱ ክራርን ማዘመን ነበር። በለንደን ያሉት የክራር ኮሌክቲቭ ሙዚቀኞችም በ2012 ባወጡት አልበም ክራርን በኤሌክትሪክ ኀይል አስጩኸው ከጊታር ጋር የሚፎካከር መሣሪያ መሆኑን አሳይተዋል። እነዚህ ሙከራዎች ክራርን ወደ ኤሌክትሪክ ይወስዳሉ። የቀረው ተቃራኒው መንገድ ነው፤ የኤሌክትሪኩን ጊታር ወደ ክራርና ወደ ማሲንቆ ማምጣት።

ሣጥኒቱን ስሠራ

ከዚህ በኋላ የምተርከው የራሴን ሙከራ ስለ ሆነ «እኛ» ማለቱን ትቼ «እኔ» እላለሁ። በገርጂ ከሚገኘው ቤቴ አንዲት ጠረጴዛ ላይ ይህን ማጣሪያ በእጄ ለመሥራት ተነሣሁ። ዓላማዬ ርካሽ ፔዳል ማግኘት አልነበረም። ውሳኔው የኔ ሲሆን ድምፁ ምን እንደሚሆን ለመስማት ነበር።

የጥንቱ ፔዳል አካል ጥቂት ነው፤ ሁለት ትራንዚስተሮች፣ አንድ 100 ኪሎ ኦም ተዘዋዋሪ መቆጣጠሪያ፣ የ9 ቮልት ባትሪ፣ ጥቂት ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች፣ ከሁሉም በላይ ግማሽ ሄንሪ የሆነ አንድ ጥቅል ሽቦ። ጥቅል ሽቦውና 0.01 ማይክሮ ፋራድ የሆነው ካፓሲተር ተጣምረው ሲያስተጋቡ በሴኮንድ 2250 ንዝረት ገደማ ይሰጣሉ፤ የፔዳሉ የላይኛው ዳር ይህ ነው። እግር ሲመለስ ትራንዚስተሩ ካፓሲተሩን ብዙ እጥፍ ትልቅ አስመስሎ ያሳየዋል፤ ማስተጋቢያውም እስከ 400 ይወርዳል።

ትራንዚስተሮቹን ከአንድ አሮጌ ሬዲዮ ፈታሁ። የጥቅል ሽቦው ነገር ግን አስቸገረ፤ በትክክል ግማሽ ሄንሪ የሆነ ስላላገኘሁ ከዚያው ሬዲዮ ውስጥ የነበረውን ትንሽ ትራንስፎርመር አንዱን ወገን ተጠቀምሁ። ሣጥኑን ከመርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ከቆርቆሮ ሠራተኞች ዘንድ በልኬ አሠራሁ። መርገጫው በበር ማጠፊያ የተያያዘ ብረት ሲሆን መቆጣጠሪያውን የሚያዞረው የሬዲዮው መርፌ ይጐተትበት የነበረው ክር ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር መበየጃዬ እየቀዘቀዘ ሥራው ሳምንታት ወሰደ።

የመጀመሪያው ሙከራ የሚያሳፍር ነበር። ባትሪውን ስገጥም ከጊታሩ በፊት የተናገረው ሬዲዮ ነው፤ የአንድ ጣቢያ ዜና በማጉያዬ ውስጥ ጥርት ብሎ ተሰማ። ከዚያ በላይ ደግሞ የመብራቱ መስመር እንደ ንብ ቀፎ ይጮህ ነበር። ጥቅል ሽቦ በአካባቢው ያለውን ሁሉ የሚሰማ ጆሮ መሆኑን ያን ቀን ተማርሁ። በብረት ቆርቆሮ ከልዬ፣ ከማጉያው ትራንስፎርመር አርቄ፣ አቅጣጫውን እያዞርሁ ዝም እስኪል ድረስ ደከምሁ።

ሲረጋጋ ሌላ ነገር አገኘሁ። የሬዲዮው ጥቅል ሽቦ ከግማሽ ሄንሪ ይበልጥ ነበር፤ በስሌቴ 0.78 ሄንሪ ገደማ። ስለዚህ የላይኛው ዳር 2250 መሆኑ ቀርቶ በ1800 አካባቢ ቆመ። መጀመሪያ እንደ ስሕተት ቈጠርሁት፤ ካፓሲተሩን አሳንሼ ወደ ፋብሪካው ልክ ለመመለስም ተዘጋጅቼ ነበር። ነገር ግን ጥቂት የትዝታ ሐረጎች ተጫውቼ ሳዳምጥ እጄን ሰበሰብሁ። ያ የሚሰነጥቅ ጫፍ ጠፍቷል፤ ጊታሩ በራብዕ ያበቃል፣ ወደ ሣልስ ጩኸት አይሄድም። ይህን ውሳኔ ያደረገልኝ የሬዲዮ ሠሪው ነው፤ መቀበሉ ብቻ የኔ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ሁለት ውሳኔዎች ግን ዐውቄ አደረግኋቸው። አንደኛ፣ የታችኛው ዳር እስከ 350 እየወረደ ድምፁን ጉድጓድ ውስጥ ይከተው ስለ ነበር በመቆጣጠሪያው ጫፍ ላይ ሬዚስተር ጨምሬ ወደ 450 አነሣሁት። እንዲህ በመደረጉ የእግሩ ጉዞ በሙሉ በመካከለኛው ሠፈር ላይ ተዘረጋ፤ ቀድሞ በፍጥነት ይታለፍ የነበረው ስፍራ ሰፊ ማረፊያ ሆነ። ሁለተኛ፣ ከጥቅል ሽቦው ጐን ያለውንና የማጣሪያውን ሹልነት የሚወስነውን ሬዚስተር ከ33 ኪሎ ኦም ወደ 22 ዝቅ አደረግሁት። ሹሉ ጫፍ ደለበ፤ ጐልቶ የሚወጣው ሠፈር ሰፋ፤ የመሠረቱም ድምፅ እንደ በፊቱ አይዋጥም። አምስት ድምፅ ብቻ ባለው ቅኝት እያንዳንዱ ድምፅ የሚሸከመው ብዙ ነው፤ አንዱ ቢዋጥ ቤቱ ይጐድላል።

ፈተናው

በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያን የቦሌ ወጣት ጠራሁት። ከሠፈራችን ዕድሜያቸውን በማሲንቆ ያሳለፉ አንድ አዛውንትም ቡና ጠጥተው አብረውን ተቀመጡ። ወጣቱ ጊታሩን ሰክቶ ትዝታን ጀመረ። ድምፁ ሞቅ ያለ ነበር፤ በልቤ ድል አደረግሁ አልሁ። ጥቂት ቆይቶ ግን እግሩ የለመደውን ማድረግ ጀመረ፤ በእያንዳንዱ ምት ላይ ይረግጥ ገባ። ያ የፊልሙ ድምፅ በኔው ሣጥን ውስጥ፣ በኔው እጅ ሥራ ውስጥ ተመልሶ መጣ፤ ጥቂት ለስለስ ብሎ ብቻ።

አዛውንቱን ምን ይመስልዎታል፣ ጋሼ፣ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡና ይህ ነገር አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል እንጂ ምላስ የለውም አሉኝ።

ስለ ድምፅ ካነበብሁት ሁሉ ይህ ፍርድ ይበልጥብኛል። እኔ ሳምንታት ሙሉ የደከምሁት አፍ ለመሥራት ነበር። አፍ ብቻውን ግን ቃል አይወልድም፤ ቃልን የሚቈርጠው፣ የሚያጠብቀውና የሚያላላው ምላስ ነው። የጊታሩ ምላስ ደግሞ በሣጥኑ ውስጥ የለም፤ በተጫዋቹ ጣትና እግር መካከል ባለው ስምምነት ውስጥ ነው። ወጣቱ ይህን ሰምቶ ጥቂት ዝም አለ፤ ከዚያ ፔዳሉን በመካከል አቁሞ እግሩን አሳረፈ። ሐረጉን ሙሉ በሙሉ በጣቱ ተጫወተና መጨረሻው ላይ፣ ድምፁ ሊሞት ሲል፣ ተረከዙን በዝግታ መለሰ። ጊታሩ አንድ ቃል ተናግሮ አፉን የዘጋ መሰለ። አዛውንቱ ምንም አላሉም፤ ነገር ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሙሉ ድል ነበር ብዬ አልዋሽም። ወጣቱ ወደ አምባሰል ተሻግሮ ወደ ጊታሩ አንገት ጫፍ ሲወጣ የድምፁ መሠረት ራሱ ማጣሪያው በሚያጐላው ሠፈር ውስጥ ገባ፤ አንዱ ድምፅ ያለ ፈቃዱ ይጮኻል፣ የሚቀጥለው ይከስማል። ለትዝታ ያመቸው ውሳኔ ለከፍተኛው የአምባሰል ዜማ አልተመቸም። ይህ ጉድለት እስካሁን አልተፈታም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

ይህን የሰሙ ወዳጆች ሁለት ተቃውሞ አንሥተውብናል፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው፣ ዛሬ በአንድ ዲጂታል ሣጥን ውስጥ መቶ ዓይነት ማጣሪያ ተዘጋጅቶ ሲሸጥ በመበየጃ መቃጠል ለምን አስፈለገ የሚል ነው። የምርጫ ብዛት መምረጥ አይደለም። መቶዎቹን ማን መረጣቸው? በየትኛው ዜማ ተፈተኑ? ከመቶዎቹ መካከል ለትዝታ ማረፊያ ተብሎ የተሰላ አንድ እንኳ ካለ ዲጂታሉን ሣጥን በደስታ እንቀበላለን። ክርክራችን ከቴክኒኩ ጋር አይደለም፤ ውሳኔውን ሳያውቁ ከመቀበል ጋር ነው። እንዲያውም በዲጂታሉ ሣጥን ውስጥ ያሉትን ቍጥሮች መለወጥ ከመበየድ ይቀላል፤ የጐደለው መለወጥ እንደሚቻል ማሰቡ ነው።

ሁለተኛው፣ ትራንዚስተሩም፣ ሽቦውም፣ ጊታሩም የውጭ ሆኖ ሳለ «የኛ» የሚባለው ምኑ ነው የሚል ነው። እውነት ነው፤ በሣጥኑ ውስጥ ከቆርቆሮው ሥራ በቀር እዚህ የተወለደ ነገር የለም። ሳክስፎኑም፣ ቪብራፎኑም እዚህ አልተወለዱም። አንድን ነገር የኛ የሚያደርገው የብረቱ አገር አይደለም፤ ስለ ድምፁ የተደረገው ውሳኔ ነው። ይህን ስንል ግን በአገር ልጅ እጅ የተሠራ ሁሉ ጥሩ ነው ለማለት አይደለም። በቤት የተሠራ መጥፎ ፔዳል መጥፎ ፔዳል ነው። «የኛ ነው» የሚለውን ቃል የጉድለት መሸፈኛ የሚያደርግ ሒስ ለኪነቱ ጠላት እንጂ ወዳጅ አይሆንም፤ ስለዚህም ነው የአምባሰሉን ጉድለት ያልደበቅነው።

ማጠቃለያ

በአጭሩ፣ የዋ-ዋ ፔዳል በሙዚቃችን ውስጥ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ኖሯል። በጥሩ እጅ ሲገባ ለቅኝቶቻችን ጥላና ትንፋሽ ሰጥቷል፤ በልማድ ሲያዝ ደግሞ ትዝታችንን በሌላ ሰው አፍ አስነግሯል። ለዚህ ጥፋቱ የሣጥኑ ብቻ አይደለም፤ ሣጥኑን ያልከፈትነው የሁላችንም ነው። የሙዚቃ ተማሪውና የኤሌክትሮኒክስ ተማሪው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ፣ ከመካከላቸውም አንድ ማሲንቆ መቺ ቢገኝ፣ ለባቲ፣ ለአንቺሆዬና ለአምባሰል የሚስማማ አፍ መሥራት ከዐቅማችን በላይ አይደለም። ሐያሲውም ከእንግዲህ ወዲያ ጊታሩ ጥሩ ነበር ወይም መጥፎ ነበር ብሎ ከማለፍ ይልቅ ማጣሪያው የት ተከፈተ፣ የት ተዘጋ፣ ምንስ አለ ብሎ ይጠይቅ።

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይላል የአገሬ ሰው። በዚያ እሑድ ማታ ወጣቱ ሲሄድ የሠራሁትን ፔዳል እንዲወስድ ጋበዝሁት፤ አልወሰደም። በሳምንቱ ግን የራሱን ፔዳል ይዞ መጣ። ዐራቱን ብሎኖች ከቤቱ ፈትቷቸው፣ በወረቀት ጠቅልሎ በኪሱ ይዟቸው ነበር። ሣጥኑን ጠረጴዛዬ ላይ ከፈተና ጣቱን በአንዲቷ ትንሽ ካፓሲተር ላይ አድርጎ፣ ይህችን ብንለውጣት ምን ይላል፣ አለኝ።